ጥያቄና መልስ፦ «ክሪዮኽ»፣ የአይርላንድኛው የድንበር ቃል

ጥያቄ፦ መምህር፣ መዝገበ ቃላቱ «ክሪዮኽ» ለሚለው ድንበር፣ መጨረሻ፣ አገር ይላል። የቱን እንያዝ?

መልስ፦ ሦስቱንም። ድንበር መሬቱ የሚያበቃበት ስለሆነ መጨረሻ ሆነ፤ በድንበሩ የተከበበው ምድርም በዚያው ስም ተጠራ። እኛም «ዳር ድንበራችን ተደፈረ» ስንል አገሩን ማለታችን ነው። ስካንዲኔቪያ ዛሬም በአይርላንድኛ «ክሪዮኽ ሎኽለን» ትባላለች።

ጥያቄ፦ አንዴ «ኽሪዮኽ»፣ አንዴ «ግሪዮኽ» ሆና አገኘኋት። ሌላ ቃል ናት?

መልስ፦ ያችው ናት። አማርኛ «ቤቱ» ብሎ ከኋላ የሚቀጥለውን አይርላንድኛ «አን» ብሎ ከፊት ያደርገዋል፤ «አን» ደግሞ የብዙ አንስታይ ስሞችን መነሻ ታላላለች፣ ክን ኽ ታደርጋለች፦ «አን ኽሪዮኽ»፣ ድንበሩ። ምክንያቱ ጥንታዊ ነው። ያቺ «አን» ድሮ የምታበቃው በአናባቢ ነበር፤ አናባቢ የቀደማት ክ ላላች፣ አናባቢዋ በኋላ ጠፋች፣ መላላቱ ግን ቀረ። ትግርኛ የምትችሉ «ስምካ» ብላችሁ «ገዛኻ» ስትሉ ይህንኑ ታደርጋላችሁ። «የድንበሮቹ» ለማለት ደግሞ «ና ግሪዮኽ» ነው፤ እዚያ «አን» «ና» ትሆናለች፤ ድሮ በ«ና» መጨረሻ የነበረው የን ድምፅ ነው ክን ወደ ግ የሳባት። ሲጻፍ ግ ከፊት ይጨመራል እንጂ ክ አትሰረዝም፤ ስለዚህ ሁልጊዜ በክ ፈልጓት። ነጠላው «የድንበሩ» ግን «ና ክሪኸ» ነው፣ መነሻው አይነካም።

ጥያቄ፦ «ኩር ኢ ግሪኽ» የሚለውስ?

መልስ፦ ይህን በጣም እወደዋለሁ። የጥንቱ አይርላንድኛ ከመስተዋድድ በኋላ የሚመጣ የተለየ የስም ቅርጽ ነበረው። ዛሬ ከአብዛኛው ስም ጠፍቷል፣ እዚህ አባባል ውስጥ ግን «ግሪኽ» ሆኖ ተርፏል። ትርጉሙ አንድን ሥራ ከዳር ማድረስ ነው፤ ቃል በቃል ሳይቀር ከእኛው ጋር ይገጥማል።

ጥያቄ፦ በሰሜን አየርላንድና በሪፐብሊኩ መካከል ያለው ድንበርም «ክሪዮኽ» ይባላል?

መልስ፦ አይባልም፣ እሱ «ቶሪን» ነው። ይህም አንስታይ ነው፤ «የድንበሩ» ሲባል «ና ቶረን» ይሆናል። እ.ኤ.አ. ከ1924 እስከ 1925 የሠራው የድንበር ኮሚሽን በአይርላንድኛ ስሙ ይህን ቃል ይዟል። ኃላፊነቱ የተወሰነ ኩባንያም ከዚሁ ቃል «ቶረንተ» የሚል ቅጽል ያገኛል። «ክሪዮኽ»ን የምታገኟት እ.ኤ.አ. በ1921 ለሆነው የአገሪቱ መከፈል በተሰጠው ስም ውስጥ ነው፦ «ክሪዮኽ» እና «መለየት» ተጋጥመው አንድ ቃል ሆነዋል።