ብሩ ይሻላል ወይስ ስንዴው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። እናቴ የምትኖረው ደላንታ ገጠር ነው። አባቴ ካረፈ ቆየ። እሷም ዕድሜዋ ገፍቷል፤ እርከን ልሥራ ብትልም ጉልበቱ የላትም። ስለዚህ ሴፍቲኔት በሚባለው የመንግሥት የድሆች ድጋፍ ውስጥ «ቀጥታ ድጋፍ» በሚሉት ነው ያለችው። ድሮ ስንዴ ይሰጧት ነበር፤ አሁን ብር ሆኗል። አጎቴ ነገሩን አልወደዱትም። «እህል ጎታ ውስጥ ይታያል፣ ብር ግን የት እንደገባ አይታወቅም» ይላሉ። በዚያ ላይ ገንዘብ በነፃ የለመደ ሰው ይሰንፋል፣ ለጫትና ለአረቄም በር ይከፍታል ባይ ናቸው። እማዬ ከብሩ ላይ ቆጥባ አንዲት በግ መግዛት አምሯታል። ጎረቤቷ ግን «በግ ካዩብሽ ከመዝገብ ትሰረዢያለሽ» ብሎ አስፈራርቷታል። እኔ ደሴ ሱቅ ተቀጥሬ ነው የምሠራው። ሲኖረኝ እልክላታለሁ፣ ሳይኖረኝ ዝም ነው። ለእሷ የቱ ይሻላታል? በጓንስ ትግዛ?
ዘ. ከደሴ

መልስ፦ እህቴ ዘ.፣ አጎትሽ በአንዱ ልክ ናቸው፣ በአንዱ ተሳስተዋል። ከተሳሳቱበት ልጀምር።

ስንፍና የሚሉት እናትሽን አይመለከትም። ጉልበት ያለው የሴፍቲኔት ተጠቃሚማ እየሠራ ነው የሚከፈለው። ለአንድ የቤተሰብ አባል በወር አምስት ቀን ታስቦ እርከን ይሠራል፣ መንገድ ይጠርጋል፣ ኩሬ ይቆፍራል። ቀጥታ ድጋፍ የመጣው ይህን መሥራት ለማይችሉት ነው፤ ለአረጋውያን፣ ለአካል ጉዳተኞችና ጧሪ ለሌላቸው። ጫትና አረቄን በተመለከተ ደግሞ የዓለም ባንክ ባለሙያዎች በተለያዩ አገሮች የተደረጉ 19 ጥናቶችን ሰብስበው አይተውት ነበር። ብር የተሰጣቸው ድሆች ለመጠጥና ለትምባሆ የሚያወጡት ገንዘብ አልጨመረም። ጠጪ የለም እያልኩ አይደለም። ጠጪው ግን ስንዴውንም ሸጦ ይጠጣል።

እኔ በልማት ሠራተኝነት ከሐብሩ ቆላ እስከ ደላንታ ደጋ ስዞር የኖርኩ ሰው ነኝ። ስንዴ በሚታደልበት ጊዜ ያየሁትን ልንገርሽ። ስንዴው ከማደያው እስከ ቤት በራሱ አይሄድም፤ የአህያ ኪራይ አለው። ወፍጮ ቤቱም በብር ነው የሚፈጨው። ጨው፣ በርበሬና ሳሙናም አሉ። ታዲያ ሰዉ ምን ያደርጋል? እዚያው ማደያው በር ላይ ነጋዴ ሚዛኑን ዘርግቶ ይጠብቃል። ግማሽ ጆንያው ገበያ ሳይደርስ በርካሽ ይሸጣል። ስንዴውን ለማስፈጨት ስንዴ ይሸጣሉ ማለት ነው። ብር ሲሆን ይህ ኪሳራ ይቀራል።

ትልቁ ለውጥ ግን ከሚገዛው ነገር ይልቅ የማይሸጠው ላይ ነው። ሐብሩ የማውቃት አንዲት የልጆች እናት ነበረች። በየክረምቱ ጎታው ባዶ ሲሆን አንዲት እናት በግ ታወጣለች። በዚያ ወቅት ሻጩ ብዙ ነው፣ እህሉ ደግሞ ውድ። ስለዚህ በጓ በማይረባ ዋጋ ትሄዳለች። ይህ ካልሆነ እህል ትበደራለች፤ አጨዳ ሲደርስ፣ ያውም እህል በሚረክስበት ወቅት፣ ከነወለዱ ትመልሳለች። የሴፍቲኔቱ ብር በወቅቱ በደረሰላት ዓመት በጓን አልሸጠችም። አቆይታ ለአረፋ ገበያ አወጣቻት። የቅሬ፣ ማለት የእድር፣ መዋጮዋንም ከፈለች። ይህን እንደ ቀላል እንዳታዪው፤ ወሎ ውስጥ ከቅሬ መጉደል ከሰው መጉደል ነው።

«በወቅቱ በደረሰላት ዓመት» ያልኩትን ልብ በይልኝ። አጎትሽ ልክ የሚሆኑት እዚህ ላይ ነው።

ፕሮግራሙ በ1997 ሲጀመር የቀን ክፍያው 6 ብር ነበር። በዚያ ብር 3 ኪሎ እህል ይገዛል ተብሎ ነው የታሰበው። በ2000 የእህል ዋጋ ጣሪያ ነካ። ክፍያው ወደ 8 ብር ከፍ ቢልም ገበያውን አልደረሰበትም። ያኔ ብዙ ተጠቃሚዎች «ብሩ ይቅርብን፣ እህል ስጡን» ማለት ጀመሩ። እውነታቸውን ነበር። 3 ኪሎ ስንዴ ገበያው ምንም ቢሆን ያው 3 ኪሎ ነው። ብር ግን ገበያ ሲንር ይሟሽሻል። ሴቶቹ ሌላም ምክንያት ነበራቸው። እህል ቤት ሲገባ አዛዧ እመቤቲቱ ናት፤ ብሩን ግን ባልየው ኪሱ ከትቶ ገበያ ይወርዳል። እናትሽ ብቻቸውን ስለሚኖሩ ይህ ጣጣ የለባቸውም።

ቢሆንም የወሎ ሰው ከማንም በላይ ብርን ሊንቅ አይገባውም እላለሁ። የ1965ቱን ረሃብ አስቢ። የወሎ አዝመራ ወድቆ ነበር። አገሪቱ በጠቅላላው ግን ያን ያህል እህል አልጎደላትም። እ.ኤ.አ. በ1998 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘው ሕንዳዊው አማርትያ ሴን ይህን ሲመረምር የደሴን ገበያ ዋጋ አየ። ሰው እየረገፈ ዋጋው እንደሚጠበቀው አልናረም። እንዲያውም ከወሎ እህል እየተጫነ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ ይወጣ ነበር። ገበሬው አዝመራው ሲወድቅ የሚበላውም የሚሸጠውም አብሮ ስለጠፋ መግዣ አልነበረውም። መግዣ ያለው ወዳለበት እህሉ ሄደ። በዚያን ጊዜ ገበሬው እጅ ብር ገብቶ ቢሆን የጭነት መኪናው ፊቱን ወደ ደላንታ ያዞር ነበር፤ እኔ እንደዚያ አምናለሁ።

«ብር ሲበተን ነጋዴው ዋጋ ይሰቅላል» የሚልም አይጠፋም። ኬንያ ውስጥ ሲያያ በሚባል አውራጃ ከ10,000 በላይ ለሚሆኑ ድሃ ቤተሰቦች ለእያንዳንዳቸው ወደ 1,000 ዶላር ተሰጥቶ ተጠንቷል። ዋጋው የጨመረው ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አልሞላም። ብሩ ሱቁንም፣ አናጺውንም፣ ያልተሰጠውንም ጎረቤት ጠቅሟል። መንገድ በክረምት በሚቆረጥበት ቀበሌ ግን እንደዚያ ይሆናል ብዬ አልምልልሽም። እህል የሚያመጣ መኪና ካልገባ ብሩ ምን ይገዛል?

ስለዚህ ለአጎትሽ እንዲህ በያቸው። ብሩ ከክረምት በፊት ከደረሰና የወገል ጤና ገበያ ከተከፈተ ብር ይሻላል። ዘግይቶ ነሐሴ ላይ ከመጣ፣ በልጉም ቀርቶ ከሆነ፣ ስንዴ ይሻላል። እናትሽ የሚከፈላቸው በብር ነውና ዘዴው ቀድሞ መግዛት ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ እህል ሲረክስ ትንሽ ትንሽ እየገዙ ጎታ ይክተቱ። አጎትሽም ጎታው ሲሞላ አይተው ደስ ይላቸዋል።

ወደ በጓ ልምጣ። ይግዙ! ምረቃ የሚባለው፣ ራሱን ችሏል ተብሎ ከሴፍቲኔት መውጣት፣ የሚመለከተው ሠርቶ ራሱን ይችላል ተብሎ የሚጠበቀውን ቤተሰብ ነው። አንዲት በግ የአረጋዊትን ጉልበት አትመልስም። ቢሰርዟቸው እንኳ ቀበሌው ውስጥ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ አለ፤ በዚያው ሰሞን ያመልክቱ። ሲገዙ ጠቦት ሳይሆን የምትወልድ እናት በግ ይሁን። በበዓል ሳምንት አይግዙ። መጠበቅ ካቃታቸው ጠባቂ ልጆች ላሉት ጎረቤት በየርቢ ይስጧት፤ ግልገሉን ይካፈላሉ። ረግረግ ላይ እንዳትግጥ ብቻ አደራ። ደጋው ላይ በግ የሚጨርሰው የጉበት ትል ነው።

አንድ የማይጥም ነገር ልጨምር። መልማዮቹ፣ ማለት ተጠቃሚ የሚመርጡት ሰዎች፣ «ጧሪ አላቸው ወይ?» ብለው ይጠይቃሉ። አንቺ የምትልኪው አልፎ አልፎ ከሆነ እናትሽ እንደዚያው ይናገሩ፤ አይደብቁት። የገጠር ጎረቤት ከደሴ የመጣውን ብር ካንቺ ቀድሞ ያውቀዋል። ተደብቆ ኋላ ከመጣ ነው የሚያስሰርዘው።

ክፍያው በስልክ የሚገባ ከሆነም የሚስጥር ቁጥሩን ለወኪሉም ሆነ «ላውጣልሽ» ለሚል የጎረቤት ልጅ እንዳይሰጡ ንገሪያቸው። ከቻልሽ የመጀመሪያውን አብረሻቸው ሄደሽ አሳዪያቸው።

የራስሽን ብር ደግሞ ጊዜውን ቀይሪው። ለፋሲካ ዶሮ ብለሽ የምትልኪውን ሐምሌ ላይ ለእህል ላኪው። እናትሽ «ዶሮዬን ምን በላው?» ካሉሽ በእኔ አሳብቢ።