አሮጌ የኦሃዮ ሸክላ ነግዶ መኖር ይቻላል?

ጥያቄ፦ ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ የአካውንቲንግ ተማሪ ነኝ። የመጋዘን ሥራዬ ሰዓት ተቀነሰብኝ። በእጄ ባለው 600 ዶላር የሮዝቪልና የሩክዉድ ፋብሪካዎችን አሮጌ ሸክላ እየገዛሁ ልሽጥ?

መልስ፦ እህታችን፣ ቦታውስ ተመችቶሻል። የሮዝቪልና የዌለር ፋብሪካዎች ሸክላ የተሠራባት ዛንስቪል ከኮሎምበስ የአንድ ሰዓት መንገድ ናት፤ ሩክዉድም በ1880 የተመሠረተው እዚያው ኦሃዮ፣ ሲንሲናቲ ነው። ዕቃው የሟች ንብረት በሚሸጥባቸው ኢስቴት ሴሎች ይገኛል፤ በመጨረሻው ቀን ብዙ ጊዜ ዋጋው በግማሽ ይወርዳል።

ችግሩ ኑሮ ሲከብድ ሻጭ ይበዛል፣ ገዢ ይጠፋል። ቀድሞ የሚወድቀውም በ1940ዎቹ በገፍ የተመረተው የሮዝቪል የአበባ ማስቀመጫ ነው።

ሒሳቡን አንቺው ሥሪው። በ60 ዶላር ገዝተሽ በኢቤይ በ120 ሸጥሽ እንበል። የኮሚሽን 16፣ የማሸጊያና የፖስታ 20 ሲወጣ የሚተርፍሽ 24 ነው፤ ቤንዚንና ጉልበትሽ ገና አልተቆጠረም። ስለዚህ ከመሸጫው ሲሶ በላይ አትክፈዪ። መሸጫ ስል ሰው የለጠፈውን ዋጋ አይደለም፤ በኢቤይ «የተሸጡ» የሚለውን መርጠሽ በትክክል የተከፈለውን እዪ። ጨረታ ከገባሽ ደግሞ አጫራቹ ድርጅት ከገዢው ላይ የሚጨምረውን፣ ብዙ ጊዜ ከ20 በመቶ የማያንሰውን ክፍያ አስቀድመሽ ቀንሺ።

ዕቃውን ስታነሺ አፉን ዙሪያውን በጥፍርሽ ዳብሺው፤ ሽራፊ ከዓይን በፊት በጥፍር ይታወቃል። በጣትሽ መታ አድርጊው፤ ስንጥቅ ያለው ድምፁ የታፈነ ነው። ጨለማ ቦታ ላይ የአልትራቫዮሌት ባትሪ ብታበሪበት በኋላ የተጠገነው ከቀረው ተለይቶ ይታያል። ቅቡ ላይ ያለው የሸረሪት ድር የሚመስል ቀጫጭን መሰነጣጠቅ ግን የዕድሜ ነገር ነው፤ ብዙ አያስፈራም።

ከዚያ ገልብጪው። የሩክዉድ ምልክት ጀርባ ለጀርባ የቆሙ የ«አር» እና የ«ፒ» ፊደላት ናቸው፤ በዙሪያቸው ያሉት የእሳት ነበልባሎች በየዓመቱ እየተጨመሩ በ1900 14 ደረሱ፣ ከ1901 ጀምሮ ከምልክቱ በታች የዓመቱ የሮማ ቁጥር ገባ። የተጫረ «ኤክስ» ካየሽ ፋብሪካው ራሱ እንከን አግኝቶበታል ማለት ነው፤ ዋጋው ይውረድ። በሮዝቪል በኩል የቻይና ቅጂ አለ፤ አብዛኛው ከሥሩ «ዩ.ኤስ.ኤ.» የሚለው የለበትም። ሆኖም ቀደምት እውነተኛ ሮዝቪል ምንም ምልክት ላይኖረው ስለሚችል፣ በዚህ ብቻ አትፍረጂ፤ የቅርጹን ጥራትና የቀለሙን አጣጣል ከእውነተኛው ጋር አስተያዪ።

እኔን ብትጠይቂኝ ገንዘቡን አንድ ጊዜ አታፍሺው። በ150 ዶላር ሦስት እንከን የለሽ ትንንሽ ዕቃ ግዢ፤ እነሱ ሳይሸጡ ሌላ አትጨምሪ። ጎን ለጎን ኢስቴት ሴል የሚያካሂድ ድርጅት ውስጥ የቅዳሜ ሥራ ፈልጊ፤ ዕቃ መለየትን በራስሽ ገንዘብ ሳይሆን በደመወዝ ትማሪያለሽ። የመጋዘኑን ሥራ ግን አትልቀቂ።

አንድ ነገር ይቅደም፦ አሜሪካ ያለሽው በተማሪ ቪዛ ከሆነ፣ ያለ ፈቃድ መነገድም ከግቢ ውጭ መቀጠርም ቪዛሽን ሊያሳጣሽ ይችላል። የመጋዘኑም ሥራ ከዚህ አይወጣም። የኮሌጅሽን የውጭ ተማሪዎች አማካሪ ሳታነጋግሪ አንድም ዕቃ ለሽያጭ አታውጪ።