ጃጊር እንደ እኛ ጉልት ነበር?

ጥያቄ፦ ህንድን የሙስሊም ነገሥታት በሚገዙበት ዘመን ለሹማምንት «ጃጊር» ይሰጥ እንደነበር አነበብኩ። እኛ ጉልት ከምንለው ጋር አንድ ነው? ግብሩስ እንዴት ይተመን ነበር? እንግሊዞች ሲመጡ ገበሬው ላይ ምን ተለወጠ?
አንባቢያችሁ፣ ከአንኮበር

መልስ፦ በዋናው ነገር ይመሳሰላሉ። ባለ ጃጊሩ የተሰጠው የመሬቱ ግብር እንጂ መሬቱ አይደለም፤ በምትኩ ፈረሰኛ አዘጋጅቶ ይዘምታል። ነገር ግን የሙጋል ነገሥታት ሹሙ ሥር እንዳይሰድ በየሦስት በየአራት ዓመቱ ያዛውሩት ነበር። ነገ ለሚለቀው መሬት የሚጨነቅ ጥቂት ነውና ብዙዎቹ ገበሬውን በችኮላ ጋጡት።

የግብሩ አተማመን ግን በሙጋሉ ንጉሥ በአክባር ዘመን (ከ1556 እስከ 1605፤ ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በጥንቃቄ የተሠራ ነበር። ቀድሞ መሬት የሚለካው እንደ ቃላድ በገመድ ነው። ገመድ ደግሞ እርጥበት ሲነካው ያጥራል። ባጠረ ገመድ የተለካ ማሳ በቁጥር ይበዛል፤ ገበሬውም በሌለው መሬት ይገብራል። ስለዚህ በብረት ቀለበት የተያያዘ የቀርከሃ ዘንግ ተተካ። ከዚያ በየዓመቱ የሚታረሰው ጦም ካደረው ይለያል። ስንዴን እንይ፦ ቢጋ በሚባለው የመሬት ልክ ምርጡ መሬት 18 ማውንድ (የክብደት መለኪያ ነው)፣ መካከለኛው 12፣ ደካማው 9 ገደማ ይሰጣል ተባለ። ድምሩ ለሦስት ሲካፈል 13 ገደማ ነው፤ የንጉሡ ድርሻ የዚህ ሲሶ፣ 4 ከሲሶ ግድም ይሆናል። በ1580 የአክባር የግብር ሹም ራጃ ቶዳር ማል የ10 ዓመት ምርትና የየአካባቢውን ዋጋ አማካይ ይዞ ይህን በገንዘብ ተመነው።

በ1765 የቤንጋልን ግብር የመሰብሰብ ሥልጣን የእንግሊዝ የምሥራቅ ህንድ ኩባንያ ተረከበ። በ1841 ከቦምቤይ ወደ ከተማችሁ፣ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ መልእክተኛ የላከው ያው ኩባንያ ነው። በ1770 ረሃብ ገባ። ገዥው ዋረን ሄስቲንግስ ሲሶ ያህል ሕዝብ እንዳለቀ ገመተ፤ የ1771 ግብር ግን ከረሃቡ በፊት ከነበረው ከ1768ቱ በልጦ ተሰበሰበ። ይህን የሚያህል ጭካኔ በድርቅ ብቻ ማሳበብ አይቻልም።

ትልቁ ለውጥ በ1793 መጣ። ዛሚንዳር የሚባሉት ግብር ሰብሳቢ ባላባቶች የመሬቱ ባለቤት ተደረጉ። ከገበሬው ከሚሰበሰበው ከ11 እጅ 10 እጁ ለኩባንያው ነው፤ መጠኑም ዝናብ ጣለ አልጣለ ለዘላለም አይነካም። በቀጠሮው ቀን ፀሐይ ሳትጠልቅ ያልከፈለ ርስቱ በሐራጅ ይሸጣል። ብዙ ነባር ባላባቶች በዚህ ተነቀሉ፣ የካልካታ ነጋዴዎችም ገዙት። ዛሚንዳሩ እንዳይዘገይ በ1799 የገበሬውን አዝመራና ንብረት ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ የመያዝ መብት ተሰጠው፤ ገበሬውን ይበልጥ የጎዳው ይህ ነው። እህል ሲወደድና ጦም አዳሪው ሲታረስ ደግሞ ትርፉ ለዛሚንዳሩ ሆነ፣ ለኩባንያው አልደረሰውም። በደቡብ ህንድ በማድራስ በ1820 እንግሊዛዊው ገዥ ቶማስ መንሮ ባላባቱን ትቶ ግብሩን በቀጥታ ከእያንዳንዱ ገበሬ ጋር ያደረገው ይህን አይቶ ጭምር ነው።