ጥያቄና መልስ፦ የገዛነው ስንት ጊዜ ያገለግለናል?

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች አራቱን መርጠናል። አንዱ ስለ ልብስ፣ አንዱ ስለ ድግስ፣ አንዱ ስለ ስልክ፣ አንዱ ስለ ዕዳ ይጠይቃል። ሁሉንም የሚያገናኛቸው ከሚያስፈልገን በላይ ገዝተን ሳንጠቀምበት የምንጥለው ነገር ነው።

ቁም ሳጥኔ ሞልቶ በሩ አልዘጋ ብሏል፤ የምለብሰው ግን የለኝም። ርካሽ ነው ብዬ ከቴሌግራም የማዘው ሹራብና ቲሸርት ሁለት ሦስቴ ሲታጠብ ይበላሻል። ያኔ ለልዋጭ ሰጥቼ እገላገላለሁ። ጉዳት አለው እንዴ?
*አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ*

ለልዋጭ መስጠትዎ ደግ ነው፤ ደህና ልብስ ሌላ ሰው ይለብሰዋል። የእርስዎ ሹራብ ግን ለሌላም ሰው የሚሆን አልሆነም። ላዩ ትንንሽ እንክብል ያወጣ፣ ጎኑ የተጣመመ ልብስ የሚፈልገው የለም። በማንም እጅ ቢያልፍ መጨረሻው የቆሻሻ ገንዳ ነው።

ጉዳቱ ደግሞ የሚጀምረው ከመጣሉ በፊት ነው። ጥጡ ከሚበቅልበት ማሳ ጀምሮ ለአንድ የጥጥ ቲሸርት 2,700 ሊትር ገደማ ውሃ እንደሚፈጅ ይገመታል፤ በቀን 3 ሊትር ለሚጠጣ ሰው የሁለት ዓመት ተኩል ውሃ ማለት ነው። በማዕከላዊ እስያ የአራል ባሕር አብዛኛው የደረቀው ገባሮቹ አሙ ዳርያና ሲር ዳርያ በዋናነት ለጥጥ መስኖ ስለተጠለፉ ነው። ፖሊስተር ከሆነ ደግሞ ከነዳጅ ዘይት የተሠራ ፕላስቲክ ነው። በታጠበ ቁጥር ዓይን የማያየው ብናኝ ክር ይለቅና ከእጣቢው ጋር ወደ ወንዝ ይገባል፤ ቢቀበርም በቀላሉ አይበሰብስም። ሌላው ዓለም ለብሶ የጣለው የት እንደሚደርስ ማየት ለሚፈልግ የጋናዋን አክራ መመልከት ይበቃል። ካንታማንቶ በተባለው ገበያዋ በየሳምንቱ 15 ሚሊዮን ገደማ ያገለገለ ልብስ በቦንዳ እንደሚራገፍ ይነገራል፤ ያልተሸጠው በቦዩ በኩል እስከ ባሕር ዳርቻው ይደርሳል።

ስለዚህ ትልቁ ሥራ ያለው ግዢው ላይ ነው። ልብሱን ሳይነኩ አይግዙ። ጨርቁን በጭብጥዎ ጨምድደው አሥር ያህል ቆጥረው ይልቀቁት፤ ተጨማድዶ ከቀረ ሲለብሱትም እንደዚያው ነው። ወደ መስኮት አንስተው ይዩት። ወፍራም መስሎ ብርሃን በየቦታው ካሳለፈ ሽመናው ስስ ነው፣ ቶሎ ይሳሳል። ከዚያ የጎኑን ስፌት በሁለት አውራ ጣት ቀስ አድርገው ይለጥጡት፤ በስፌቱ መካከል ክፍተት ከታየ በጥቂት እጥበት ይተረተራል። በአንድ ሳንቲ ሜትር ውስጥ ከሦስት በታች ስፌት ካለውም ይተዉት። በመጨረሻ የውስጡን ጠርዝ ይመልከቱ፦ አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል የታጠፈ ትርፍ ጨርቅ ካለው ልብስ ሰፊ ሊያሰፋው ወይም ሊያስረዝመው ይችላል፤ ከሌለው አንዴ ከጠበበ አለቀለት።

ዋጋውን ደግሞ በሚለበስበት ጊዜ ያካፍሉት። 600 ብር ተገዝቶ ሦስት ጊዜ የተለበሰ ሹራብ ለአንድ ጊዜ መልበስ 200 ብር አስወጥቷል። 2,400 ብር የወጣበትና መቶ ጊዜ የተለበሰው ግን 24 ብር ብቻ ነው። ርካሹ የትኛው እንደሆነ ያኔ ይታያል።

አሁን ቤት ያለውን ገልብጠው በቀዝቃዛ ውሃ ይጠቡ፣ በጥላ ያስጡ። ፀሐይ ቀለም ያስለቅቃል፤ ፍል ውሃ ደግሞ ሹራብ ያሳጥራል። ለልዋጭ የሚሰጡት ሰው ሊለብሰው የሚችለውን ይሁን፤ ያለቀውን የጥጥ ልብስ ቆራርጠው መወልወያ ያድርጉት።

ልጄን ልድር ነው፤ 300 ሰው ጠርተናል። ባለፈው በዘመድ ሰርግ የተረፈው እንጀራና ወጥ በማግስቱ በማዳበሪያ ሲጣል አይቼ አዘንኩ። እንዳይተርፍ ባደርግ ደግሞ እንግዳ ፊት መዋረድን እፈራለሁ።
*እናት፣ ከደብረ ማርቆስ*

እመቤቴ፣ ማዘንዎ ልክ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም እንዳሰላው እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ ተጥሏል፤ ከዚህ 60 በመቶው የወጣው ከየሰው ቤት ነው። የተጣለ ምግብ አየር በማያገኝበት ክምር ሥር ሲበሰብስ ሚቴን ያወጣል፤ ይህ ጋዝ በመቶ ዓመት ሂሳብ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ገደማ ያሞቃል። የአዲስ አበባ ቆሻሻ አብዛኛው እርጥብና የሚበሰብስ ነው። ቆሼ በተባለው ክምር መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በደረሰው ናዳ ከ110 በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ ቤታቸው ከክምሩ ሥር ነበር።

ምግብ የሚተርፈው በአንድ ጊዜ ሁሉ ስለሚጋገርና ስለሚቀርብ ነው። ለአንድ ሰው አንድ ተኩል እንጀራ ይያዙ፤ ለ300 ሰው 450 ይሆናል። ከዚህ ሁለት ሦስተኛውን፣ 300 ያህሉን፣ በዋዜማው ይጋግሩ። የቀረውን ሊጥ በቡሃቃ ይዘው ጠዋት የእንግዳውን ብዛት ካዩ በኋላ ያስጋግሩት፤ ስለዚህ ጋጋሪዋን ለሁለት ቀን ያነጋግሯት። ቡፌ ከሆነ ሥጋው ላይ የሚያነሣ ሰው ይቁም፤ ሳህኑ ትንሽ ይሁን፣ የፈለገ ይመለስበታል። ጥቂት አቅርቦ ቶሎ ቶሎ መጨመር እንግዳን ያከብራል እንጂ አያዋርድም።

ከተረፈ በኋላ ጊዜው አጭር ነው። ሥጋ ወጥ በትልቅ ድስት እንዳለ ካደረ መሐሉ ሌሊቱን ሙሉ ለብ ብሎ ያድራል፤ ተህዋስያን የሚባዙት እዚያ ነው። ከእሳት በወረደ በሁለት ሰዓት ውስጥ ጥልቀቱ ከአምስት ሳንቲ ሜትር በማይበልጥ ትሪ ወይም ሳህን አከፋፍለው አቀዝቅዘው ማቀዝቀዣ ያስገቡት፣ ወይም ለጎረቤትና ለተቸገረ ወዲያውኑ ይላኩት። ወጥ ያልነካው እንጀራ ድርቆሽ ይሁን። በዚያው ቀን በእጅ ይቆራርሱት፣ በንጹሕ ጨርቅ ወይም በሰፌድ ላይ ሳይደራረብ ይዘርጉት፣ በቀን ሁለቴ ያገላብጡት። ከሁለት ሦስት ፀሐያማ ቀን በኋላ በጣት ሲሰብሩት ቋ ካለ ደርሷል። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ሳይደርቅ ፌስታል ውስጥ ስለሚታሰር ነው። ሻጋታ ያየውን ግን ማድረቅ አያድነውም።

ስልኬ ሁለት ዓመቱ ነው። ቻርጅ ግማሽ ቀን አይቆይም፣ ይንቀራፈፋል። አዲስ ልግዛ?
*አንባቢ፣ ከአዳማ*

አይግዙ፤ ባትሪው ደክሞ ነው። የሊቲየም ባትሪ 500 ጊዜ ያህል ሙሉ ቻርጅ ከተደረገ በኋላ አቅሙ ወደ 80 በመቶ ገደማ ይወርዳል፣ ሙቀት ደግሞ ያፋጥነዋል። ሌሊቱን ትራስ ሥር ሆኖ ቻርጅ መደረጉን ይተዉ፤ ከ20 እስከ 80 በመቶ መካከል መያዝ ዕድሜውን ያረዝማል። ስልኩ እንዲፈጥን ከማስቀመጫው ቢያንስ አንድ አምስተኛውን ባዶ ያድርጉ፣ የማይከፍቷቸውን መተግበሪያዎች ያጥፉ። ከዚያ ባትሪውን ብቻ ያስቀይሩ። ስልክ በከባቢ አየር ላይ የሚያደርሰው ጉዳት አብዛኛው በፋብሪካ ሲሠራ የሚደርስ ስለሆነ ሁለት ዓመት ተጨማሪ መያዝ ብዙ ያድናል። በዓለም እ.ኤ.አ. በ2022 ከተጣለው 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ በአግባቡ መሰብሰቡ የተመዘገበው ከሩብ በታች ነው።

የስልኩ ጀርባ አብጦ ከሆነ ቻርጅ አያድርጉ፣ አይውጉት፣ ገንዳም አይጣሉት፤ እሳት ይነሣል። ለጠጋኙ ይዘው ይሂዱ።

ሁለት ሥራ እሠራለሁ። በቅናሽ ሰሞን የገዛሁት ሁሉ ክሬዲት ካርዴን 3,000 ዶላር አድርሶታል። ዕቃው ሲመጣ ለአንድ ቀን ደስ ይለኛል፣ ከዚያ እረሳዋለሁ። የተረፈውን ለዘመድ እልካለሁ።
*አንባቢ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ*

ደስታው ቶሎ የሚጠፋው በእርስዎ ድክመት አይደለም። ሰው አዲስን ነገር ፈጥኖ ይለምዳል፤ ዕቃ ማካበትን የሕይወት ግብ ያደረጉ ሰዎች በአማካይ እርካታቸው አነስተኛ፣ ጭንቀታቸው የበዛ መሆኑን ብዙ ጥናቶች አሳይተዋል። እርስዎ ላይ ደግሞ ዕዳው ዕንቅልፍዎንና ዕረፍትዎን እየወሰደ ነው።

ወለዱ በዓመት 24 በመቶ ከሆነ በወር 60 ዶላር ነው። በወር 75 ዶላር ብቻ ቢከፍሉ ለመጨረስ ስድስት ዓመት ከዘጠኝ ወር ይፈጃል፣ ለወለድ ብቻ ከ3,000 ዶላር በላይ ያወጣሉ። በወር 150 ቢከፍሉ በ26 ወር ያልቃል፤ ወለዱም 870 ገደማ ይሆናል። ልዩነቱን ያመጣው 75 ዶላር ነው። በእጅዎ የሚደርሰው በሰዓት 16 ዶላር ከሆነ የ112 ዶላር ጫማ የሰባት ሰዓት ሥራ ነው፤ ይህን ሳያሰሉ አይግዙ። የካርድዎን ቁጥር ከስልክዎ ያጥፉ። የሚያምርዎትን በወረቀት ጽፈው ከነቀኑ 30 ቀን ያሳድሩት። አብዛኛው ራሱ ይረሳል።

ለዘመድ ከመላክዎ በፊት የሚፈልጉትን ይጠይቁ። የኤሌክትሪክ ዕቃ ከሆነ ጀርባውን ወይም የሶኬቱን ራስ ያንብቡ። "100-240 ቮልት" የሚል ካለው ይሠራል። "120 ቮልት" ብቻ የሚል ብሌንደር ወይም የቡና መፍጫ በኢትዮጵያ 220 ቮልት ላይ ሲሰካ ሞተሩ ይቃጠላል፤ የላኩበት ገንዘብም ዕቃውም በአንድ ደቂቃ ውስጥ ቆሻሻ ይሆናል።