‹ግን› ሲመጣ ነጠላ ሰረዝ ነው ወይስ ድርብ ሰረዝ?

ጥያቄ፦ በቡሬ አካባቢ የአንድ ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ጸሐፊ ነኝ። ቃለ ጉባኤ ስይዝ ብዙ ጊዜ ሁለት ሦስት ሐሳብ በአንድ ዓረፍተ ነገር አያይዛለሁ። አንዱ የኮሚቴ አባል ‹ከእና በፊት ነጠላ ሰረዝ አስገባ› ይለኛል፤ ሌላው ‹ከግን በፊት ድርብ ሰረዝ ነው› ይላል። በቅርቡ የጻፍኩት ይህን ይመስላል፦ ‹ዝናቡ በወቅቱ ገባ፣ እና አርሶ አደሩ ጤፉን ዘራ፣ ግን ማዳበሪያው ስላልደረሰ፣ ምርቱ ቀነሰ፣ ስለዚህ ኮሚቴው ለወረዳው አመለከተ።› የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?

መልስ፦ ካስገቧቸው አራት ነጠላ ሰረዞች ሦስቱ ያለ ቦታቸው ገብተዋል። ከ‹ስላልደረሰ› ቀጥሎ ያለው ብቻ ይፈቀዳል፤ እሱም ቢቀር አይጎድልም። የኮሚቴ አባላቱ ክርክር ደግሞ ከመነሻው መስመር ስቷል። ሁለቱም የሚያዩት ማያያዣውን ነው። በአማርኛ ምልክቱን የሚወስነው ግን ከማያያዣው በፊት ያለው ግሥ ነው።

አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። አንባቢ ሐሳቡ አልቆ እንደሆነ ወይም ገና እንደሚቀጥል የሚያውቀው ከግሡ ቅርጽ ነው። ‹ዘነበ›፣ ‹ይዘንባል›፣ ‹ዘንቧል›፣ ‹ነው› ሐሳቡን ያስራሉ፤ ማሰሪያ አንቀጽ የተባሉትም ለዚህ ነው። ‹ዘንቦ›፣ ‹ሲዘንብ›፣ ‹ስለዘነበ›፣ ‹ቢዘንብም›፣ ‹እንዲዘንብ› ክፍት ናቸው፤ ማሰሪያ ይጠብቃሉ። በዋሸራ ወይም በዲማ ቅኔ ቤት ያለፈ ሰው ይህን ገና በጠዋቱ ያውቀዋል፤ አገባብ፣ ማለትም እንደ ‹ስለ› ያለ ቃል፣ ግሥ ላይ ሲወድቅ ማሰሪያውን እንደሚያፈርሰው ተምሯልና። ‹ዘነበ› ማሰሪያ ነው፤ ‹ስለ› ሲወድቅበት ማሰሪያነቱ ይፈርሳል። ሥርዓተ ነጥቡም ይህንኑ ይከተላል። ከታሰረ ግሥ በኋላ ድርብ ሰረዝ ወይም አራት ነጥብ ይገባል፤ ከክፍት ግሥ በኋላ ነጠላ ሰረዝ ይገባል ወይም ምንም አይገባም።

መፈተኛው ቀላል ነው። ምልክት ሊያስገቡ ያሰቡበት ቦታ ላይ ዓረፍተ ነገሩን ይቁረጡና የግራውን ክፍል ብቻ ድምፅ አውጥተው ያንብቡት። ‹ዝናቡ በወቅቱ ገባ› ብቻውን ይቆማል። ‹ማዳበሪያው ስላልደረሰ› ብሎ ዝም ያለን ሰው ግን ‹እሺ፣ ከዚያስ?› ነው የሚሉት። የመጀመሪያው ድርብ ሰረዝን ይችላል፤ ሁለተኛው አይችልም።

ይህን ይዘን ዓረፍተ ነገርዎን ስናስተካክለው እንዲህ ይሆናል፦ ‹ዝናቡ በወቅቱ ገባና አርሶ አደሩ ጤፉን ዘራ፤ ማዳበሪያው ስላልደረሰ ግን ምርቱ ቀነሰ። ስለዚህ ኮሚቴው ለወረዳው አመለከተ።›

‹ገባ፣ እና› ለምን ‹ገባና› ሆነ? ‹-ና› የቀደመው ቃል ጀርባ ላይ የሚለጠፍ ማያያዣ ነው። ‹ገባ› የታሰረ ግሥ ቢሆንም ‹-ና› ሲለጠፍበት ከሚቀጥለው ጋር ይጣበቃል፤ በመሀል ምልክት ማስገባት የተጣበቀውን መልሶ መቅደድ ነው። ከእና በፊት ነጠላ ሰረዝ የማስገባት ልማድ ከእንግሊዝኛ ትምህርት የመጣ ይመስላል። እዚያ ማያያዣው ራሱን ችሎ በሁለት ሐሳቦች መሀል ይቆማል። ዝርዝር ላይም ያው ነው፦ ‹ጤፍ፣ በቆሎና ዳጉሳ› ይጻፋል። ‹ጤፍ፣ በቆሎ፣ እና ዳጉሳ› ላይ ያለው ሁለተኛው ነጠላ ሰረዝ ሥራ የለውም።

ሁለቱም ሐሳቦች ረዘም ሲሉ ደግሞ ‹-ና›ን ትቶ ሁለተኛው ባለቤት ላይ ‹-ም› ማስገባት የበለጠ ያምራል፦ ‹ዝናቡ ከሰኔ አጋማሽ ጀምሮ ሳያቋርጥ ገባ፤ አርሶ አደሩም ማሳውን ደጋግሞ አርሶ ጤፉን ዘራ።› እዚህ ላይ ‹-ም› የማያያዙን ሥራ ይዟል፤ ድርብ ሰረዙ ደግሞ ለአንባቢው ትንፋሽ ይሰጣል። ‹እና›ን በየመስመሩ ከመደርደር ይህ ዘዴ በጣም ይሻላል፤ ቃለ ጉባኤዎች ቢለምዱት እወዳለሁ።

‹-ና› ሌላም ሥራ አለው፤ ምክንያት ይናገራል። ‹ዝናብ ሊመጣ ነውና እህሉን አስገቡ› ሲባል ‹-ና› ‹ስለሆነ› ማለት ነው። በዚህ ቅደም ተከተል ምልክት አያሻውም። ምክንያቱ ወደ ኋላ ሲዞር ግን ትእዛዙ ቀድሞ ይታሰራልና ድርብ ሰረዝ ግድ ይሆናል፦ ‹እህሉን አስገቡ፤ ዝናብ ሊመጣ ነውና።› እዚህ ድርብ ሰረዙን የሚዘነጉ ብዙ ናቸው።

ወደ ‹ግን› እንምጣ። በጽሑፍ አማርኛ ‹ግን› የሚያምርበት ቦታ ከሁለተኛው ሐሳብ የመጀመሪያ ቃል ቀጥሎ ነው፦ ‹ዝናቡ ዘነበ፤ ወንዙ ግን አልሞላም።› ድርብ ሰረዙ የገባው ‹ዘነበ› ስለታሰረ እንጂ ‹ግን› ስለመጣ አይደለም። ግሡን ክፍት አድርገን እንየው፦ ‹ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ወንዙ ግን አልሞላም።› ‹ግን› አሁንም አለ፤ ‹አድሮ› ስላልታሰረ ግን ድርብ ሰረዝ ቦታ የለውም። ‹ከግን በፊት ድርብ ሰረዝ ነው› የሚለው ደንብ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ሌላው ስሕተት ‹ወንዙ፣ ግን አልሞላም› ብሎ መጻፍ ነው። ‹ግን› የሚያነጻጽረው ከፊቱ ያለውን ቃል ነው። ከዚያ ቃል ከለዩት ምን ከምን ጋር እንደተነጻጸረ ይጠፋል። በእርስዎ ዓረፍተ ነገር ውስጥም ‹ግን›ን ከ‹ስላልደረሰ› ኋላ ያዞርነው ለዚህ ነው፤ ንጽጽሩ በወቅቱ በገባው ዝናብና ባልደረሰው ማዳበሪያ መካከል ነው።

‹ነገር ግን› ከዚህ ይለያል፤ ሁልጊዜ የሁለተኛው ሐሳብ ራስ ላይ ይቆማል። ስለዚህ ከፊቱ ያለው ግሥ የታሰረ ይሆናል፤ ምልክቱም ድርብ ሰረዝ ወይም አራት ነጥብ ነው። ከ‹ነገር ግን› በኋላ የሚደረገው ነጠላ ሰረዝ አያስፈልግም። ‹ስለዚህ›፣ ‹ሆኖም›፣ ‹በመሆኑም› ከዚሁ ቤት ናቸው። የ‹ሆኖም›ና የ‹ቢሆንም› ልዩነት በተለይ ልብ ሊባል ይገባዋል፤ በትርጉም ይቀራረባሉ፤ በምልክት ይራራቃሉ። ‹ዝናቡ ጥሩ ቢሆንም ምርቱ ቀነሰ› ሲባል ‹ቢ-› ግሡን ከፍቶታል፤ ቢበዛ ነጠላ ሰረዝ ይገባዋል። ‹ዝናቡ ጥሩ ነበር። ሆኖም ምርቱ ቀነሰ› ሲባል ግን ‹ነበር› አስሮ ጨርሷል።

‹እንጂ› እንደ ‹-ና› የቀደመውን ይዞ ይቆማል፦ ‹የቀሩት ጸሐፊው ናቸው እንጂ ሊቀመንበሩ አይደሉም።› ‹ናቸው› የታሰረ ነው፤ ‹እንጂ› ስለያዘው ግን በመሀላቸው ምልክት አይገባም። ‹ወይስ›ም እንዲሁ ነው፦ ‹ስብሰባው ዛሬ ይቀጥላል ወይስ ለሰኞ ይተላለፋል?› የጥያቄ ምልክቱ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም መጨረሻው ላይ።

ከታሰረ ግሥ በኋላ ነጠላ ሰረዝ የሚፈቀድበት አንድ ቦታ አለ። አንድ ባለቤት ያላቸው አጫጭር ግሦች ሲደረደሩ ነው፦ ‹አረሰ፣ ዘራ፣ አጨደ፣ ወቃ።› እዚህ ግሦቹ እንደ ስም ዝርዝር ናቸው። አንዱ ባለቤት ከተለወጠ ወይም አንዱ ግሥ የራሱን ተሳቢ ይዞ ከረዘመ ወደ ድርብ ሰረዝ ይመለሱ።

ለቃለ ጉባኤ ጸሐፊ ከሁሉ የሚበልጠው የውሳኔው ዓረፍተ ነገር ነው። ‹እንዲ-› የያዘ ግሥ ሁሉ ክፍት ነው፤ አንዱ ‹ወሰነ› ሁሉንም ያስራቸዋል፦ ‹ጉባኤው ዕዳ ያለባቸው አባላት እስከ ጥር 30 እንዲከፍሉ፣ አዲስ አባላት እንዲመዘገቡና ሒሳቡ እንዲመረመር ወሰነ።› ሁለት ‹እንዲ-› ብቻ ከሆኑ ምንም ምልክት ሳይገባ በ‹-ና› ይያያዛሉ። በመሀል አራት ነጥብ ካስገቡ ‹እንዲከፍሉ።› የሚል ማሰሪያ የሌለው ቁራጭ ይቀራል፤ ማን እንደወሰነውም አይታወቅም። ‹ኮሚቴው በማዳበሪያ ስርጭት ላይ ተወያይቶ።› ብለው የሚዘጉም አሉ፤ ‹ተወያይቷል› ማለት ይገባቸው ነበር።

ድርብ ሰረዝ ለዝርዝርም ይጠቅማል፤ የሚዘረዘረው ነገር በውስጡ ነጠላ ሰረዝ ሲኖረው፦ ‹ለቡሬ 60 ኩንታል ዩሪያ፣ 30 ኩንታል ዳፕ፤ ለደምበጫ 40 ኩንታል ዩሪያ፣ 20 ኩንታል ዳፕ፤ ለጅጋ 25 ኩንታል ዩሪያ።› ሁሉንም በነጠላ ሰረዝ ቢጽፉት 30 ኩንታሉ ከየትኛው ጋር እንደሚሄድ ለማወቅ አንባቢው ወደ ኋላ ይመለሳል።

ነጠላ ሰረዝ ትርጉም የሚለውጥባቸው ቦታዎችም አሉ። ‹ሰኞ የተመረጠው ኮሚቴ ሪፖርት አቀረበ› የሚለውን ይመልከቱ። ሰኞ የሆነው ምርጫው ነው ወይስ ሪፖርቱ? ‹ሰኞ፣ የተመረጠው ኮሚቴ ሪፖርት አቀረበ› ቢሉ ሰኞ የሪፖርቱ ቀን ይሆናል። ከዚያም የተሻለው ቃሉን ከግሡ አጠገብ ማምጣት ነው፦ ‹የተመረጠው ኮሚቴ ሰኞ ሪፖርት አቀረበ።› ‹ሊቀመንበሩ ጸሐፊው ስለቀሩ ደብዳቤውን ፈረሙ› ሲባልም ሁለቱ ሹመቶች ተጎራብተው አንድ ሰው ይመስላሉ። ‹ሊቀመንበሩ፣ ጸሐፊው ስለቀሩ፣ ደብዳቤውን ፈረሙ› ማለት ይቻላል፤ ‹ጸሐፊው ስለቀሩ ሊቀመንበሩ ደብዳቤውን ፈረሙ› ግን ያለ አንድ ምልክት ግልጽ ነው። ምልክት የሚያድነው ዓረፍተ ነገር ብዙ ጊዜ ቅደም ተከተሉ ቢስተካከል ይሻለዋል።

ባለቤቱ ምንም ያህል ቢረዝም ከግሡ በነጠላ ሰረዝ አይለይም። ‹በወረዳው ካሉ ቀበሌዎች የመጡ ሞዴል አርሶ አደሮች፣ ሥልጠና ወሰዱ› ላይ ነጠላ ሰረዙ ባለቤቱን ከሥራው ይለያያል። ይውጣ።

ስለ አጻጻፉም ጥቂት ልጨምር። ምልክቱ ከፊቱ ካለው ቃል ጋር ይጣበቃል፤ ክፍተት የሚተወው ከኋላው ነው። አራት ነጥብን ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ በመምታት ‹፡፡› ብለው የሚጽፉ አሉ። ዓይን አይለየውም፤ ኮምፒዩተሩ ግን ሁለት ምልክት አድርጎ ነው የሚቆጥረው። ‹።› ራሱን የቻለ አንድ ምልክት ነው፤ እሱን ይጠቀሙ። በቀድሞ የመጽሐፍ ቅዱስ ኅትመት ለአጭር ዕረፍት የሚያዩት ‹፥› ዛሬ በመሥሪያ ቤት ጽሑፍ ቦታውን ለ‹፣› ለቋል፤ ሁለቱን በአንድ ገጽ አያቀላቅሏቸው። በቁጥር ውስጥ ደግሞ የአማርኛው ነጠላ ሰረዝ አይገባም። 1,250 ኩንታል በላቲኑ ኮማ ነው የሚጻፈው። ‹1፣250 ኩንታል› ብለው ከጻፉት አንባቢው ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች አድርጎ ሊያነበው ይችላል።