ለኮራል ምን ዓይነት መብራት ልግዛ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ፣ አምድዎን ሁሌ ነው ማነበው። ምኖረው አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ ነው፣ ቤቴ ባለ 40 ጋሎን የጨው ውሃ አኳሪየም አለኝ፣ ዓመት ሊሞላው ነው። ሁለት ክላውንፊሽ፣ ትንሽ ዞአንተስ የሚባል ለስላሳ ኮራል እና አንድ ሀመር ኮራል አሉኝ። የድሮው መብራት ደካማ ነው ስላሉኝ ባለፈው ወር አዲስ ኤልኢዲ ገዝቼ ሰቀልኩ፣ በ100 ፐርሰንት ነው ማበራው። በሦስተኛው ቀን ሀመሩ ተሸበሸበ፣ አሁን ደግሞ እየነጣ ነው። የሸጠልኝ ሰው ዋቱ አንሶ ነው ሌላ ድገሚበት ይለኛል። ወደፊት አክሮፖራ የሚባለውን ቅርንጫፋም ኮራልም ማስገባት እፈልጋለሁ። ምን ላድርግ? እህትዎ ከቨርጂኒያ

መልስ፦ እህቴ፣ ሌላ መብራት እንዳትጨምሪ። እንዲያውም ይሄን ስታነቢ ተነሺና ያለውን ወደ 30 ፐርሰንት አውርጂው፣ ከዛ ቁጭ ብለን እናወራለን።

አሁን ሀመሩ ጋ ቀረብ ብለሽ እይልኝ። ወደ መብራቱ የዞረው በኩል ነጥቶ ከስር ጥላ ውስጥ ያለው ገና ቀለሙን ከያዘ ብርሃን በዝቶበት ነው። ብርሃን ያነሰው ኮራል እንደዚህ አይሆንም፣ እሱ ወደ ቡናማ ነው ሚጠቁረው፣ ዞአንተስ ከሆነ ደግሞ አንገቱን አስረዝሞ ወደላይ ይንጠራራል። ያንቺዎቹ አጠር ብለው እንደ ምንጣፍ ከተነጠፉ ብርሃን አልጎደላቸውም።

ለምን መሰለሽ፣ ኮራል እንስሳ ነው፣ ሥጋው ውስጥ በዓይን ማይታዩ ዞዛንቴሌ ሚባሉ አልጌዎች ይኖራሉ፣ ከብርሃን ምግብ ሠርተው ኮራሉን ሚቀልቡት እነሱ ናቸው፣ እና ብርሃኑ ድንገት ሲበረታባቸው የሚጎዳ የኦክስጅን ዓይነት ማምረት ይጀምራሉ፣ ኮራሉም መከራ ሲበዛበት ከሥጋው ያስወጣቸዋል። ሥጋው እንደ መስታወት አሳላፊ ስለሆነ የስሩ ነጭ አጥንት ይታያል፣ ንጣቱ ያ ነው። ሥጋው ከአጥንቱ ካልተላቀቀ ግን ገና አልሞተም፣ የመመለስ ዕድል አለው።

እኔም ከዓመታት በፊት ቶርች ኮራል እንደዚሁ አጥቻለሁ። ሲነጣብኝ ጥፋቱ የውሃው መስሎኝ በየቀኑ ውሃ እቀይር ነበር፣ ቀና ብዬ መብራቱን ለማየት ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ፣ እስከዛ ሥጋው ተበጣጥሶ ውሃ ውስጥ ይንሳፈፍ ነበር። እስካሁን ሳስበው ያመኛል፣ ለዛ ነው ቶሎ አውርጂው ያልኩሽ።

ስለ ዋት የተነገረሽን እርሺው። ዋት በጋሎን ሚባለው ስሌት በአሮጌዎቹ ፍሎረሰንት ዘመን የመጣ ነው፣ ዋት እኮ ስንት ኤሌክትሪክ እንደበላ እንጂ ኮራሉ ላይ ስንት ብርሃን እንዳረፈ አይነግርሽም። መጠየቅ ያለብሽ ፓር ስንት ነው ብለሽ ነው፣ ማለትም ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ያለው አልጌዎቹ ሚጠቀሙበት ብርሃን። ለማሽሩም ኮራልና ለዞአንተስ ከ50 እስከ 150፣ ለሀመር ከ80 እስከ 150 አካባቢ ይበቃል፣ አክሮፖራ ግን ከ200 እስከ 350 ይፈልጋል። ሚለካው እንደ አፖጂ ባለ ፓር ሜትር ነው፣ ውድ ስለሆነ አትግዢው፣ ሚያከራዩ ሱቆች አሉ፣ የአኳሪየም ክለቦችም ለአባሎቻቸው ያውሳሉ። በስልክ አፕ እንዳትለኪ ግን፣ እሱ ሚለካው ሉክስ ነው፣ ሉክስ ደግሞ ለሰው ዓይን የተሠራ መለኪያ ነው፣ ዓይናችን ደግሞ ለሰማያዊ ደካማ ስለሆነ ቁጥሩ ያታልልሻል።

ሰማያዊው ለማሳመር ብቻ አይደለም በነገራችን ላይ። ባህር ውስጥ ቀዩ ብርሃን የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሜትሮች ላይ ይቀራል፣ ሰማያዊው ነው ጥልቅ ሚወርደው፣ የኮራሉ አልጌዎችም እሱን መጠቀም ያውቁበታል። ስለዚህ ሰማያዊውን ከፍ፣ ነጩን ዝቅ፣ ቀይና አረንጓዴውን በጣም ትንሽ።

ወደ ምርጫው ስንመጣ፣ መጀመሪያ ኮራልሽን ምረጪ ከዛ መብራቱን። ሀመርና ዞአንተስ ላይ ምትቆዪ ከሆነ የገዛሽው ሳይበቃሽ አይቀርም፣ ከውሃው ከ20 እስከ 30 ሴንቲሜትር ከፍ አድርገሽ ስቀዪውና ሀመሩን ከመሃል ወደ ጎን፣ ወደ ታች አውርጂው። በየሳምንቱ 5 ፐርሰንት ብቻ ጨምሪ፣ ሀመሩ እንደገና መሸብሸብ ከጀመረ እዛው ቁሚ። በቀን ለ8፣ ቢበዛ ለ10 ሰዓት ያህል ይብራ፣ ሌሊት ጨለማ ይሁን። አክሮፖራ ካልሽ ግን ያንቺ አኳሪየም ብሪደር ሚባለው ሰፋ ብሎ ዝቅ ያለው ዓይነት ከሆነ ርዝመቱ 90 ሴንቲሜትር አካባቢ ነው፣ አንድ ኃይለኛ መብራት መሃሉን አቃጥሎ ዳርና ዳሩን ጨለማ ያደርገዋል፣ ስለዚህ እንደ ኤአይ ሃይድራ 32 ወይ ኬሲል ኤ360 ያሉ ሁለት መካከለኛ መብራቶች ከአንድ ትልቅ ይሻሉሻል ባይ ነኝ። ቲ5 ሚባለው ቀጭን የፍሎረሰንት አምፖልም እኩል ያዳርሳል፣ ግን ከ9 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ መቀየር አለበት። ብርሃን ሲጨምር ደግሞ ኮራሉ ቶሎ ስለሚያድግ አጥንቱን ሚሠራባቸውን ካልሲየምና አልካሊኒቲ (ውሃው ውስጥ ያለው ካርቦኔት) ይጨርሳል፣ አልካሊኒቲሽ ለሁለት ሦስት ወር ሳይዋዥቅ ካልቆየ አክሮፖራውን አትግዢ፣ መጀመሪያ ሞንቲፖራ ሚባለውን ቻል ያለ ኮራል ሞክሪ።

ጥያቄ፦ ዱባይ ነኝ፣ ጓደኛዬ 250 ዋት ሜታል ሃላይድ የሚባል የአምፖል መብራት በነፃ ሰጠኝ። ለኮራል ልጠቀምበት?

መልስ፦ ወንድሜ ብርሃኑማ ግሩም ነው፣ ኮራል ይወደዋል፣ ውሃው ውስጥ ሚሠራው የብርሃን ሞገድም ልክ ባህር ነው ሚመስለው። ችግሩ ሙቀቱ ነው። አንተ ባለህበት አገር ኤሲው አንድ ቀን ከቆመ ውሃህ ከ28 ዲግሪ ያልፋል፣ ቺለር (ውሃ ማቀዝቀዣ) ልትገዛ ነው፣ አምፖሉንም በዓመት መቀየር አለብህ። ቺለር ከሌለህ ተወው፣ በዛው ብር ደህና ኤልኢዲ ይገዛልሃል።