መልስ፦ ካሬዎቹ ለምን አልገጥም አሉ?

እህቴ፣ ለልጅሽ ከቁርጥራጭ ጨርቅ የምትሠሪው ብርድ ልብስ ጥግና ጥጉ አልገጥም እንዳለሽ ጽፈሻል። ስፌቱን ከመፍታትሽ በፊት አቆራረጥሽን እዪው። በእያንዳንዱ ካሬ 2 ሚሊሜትር ብትስቺ፣ 15 ካሬ ሲደረደር 3 ሴንቲሜትር ይሆናል።

የጥጥ ጨርቁን መጀመሪያ እጠቢውና ተኩሺው። በደብረ ብርሃን ብርድ ቶሎ አይደርቅም፤ ቢሆንም እርጥቡን አትቁረጪ። ከዚያ ከጠንካራ ካርቶን አንድ ልክ አውጪ። 10 ሴንቲሜትር ካሬ ከፈለግሽ 11.2 አድርጊው፤ በየጎኑ 6 ሚሊሜትር ለስፌት ነው። ሁሉንም በዚያው ካርቶን ለኪ። እኔ ብዙ ጨርቅ ያበላሸሁት የቆረጥኩትን ጨርቅ ለሚቀጥለው መለኪያ እያደረግሁ ነው፤ ስህተቱ እየጨመረ ይሄዳል። በተሳለ የሳሙና ስባሪ ቀጭን መስመር አስምሪ፣ የድሩን አቅጣጫ ተከትለሽ። ስትቆርጪ ጨርቁን አታንሺው፤ መቀሱ ጠረጴዛውን ሳይለቅ ይሂድ።